ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ ነው የሮጠው?

ጥያቄ፦ አጋዘን የማድነው በ308 ዊንቸስተር ጠመንጃ ነው፤ ጫካ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ150 ሜትር በታች። የምጠቀመው ተራውን ባለ እርሳስ ጥይት፣ 150 ግሬን የሚመዝነውን ነው። ባለፈው የአደን ወቅት ደረቱን ደህና አድርጌ የመታሁት አጋዘን 60 ሜትር ያህል ሮጦ ወደቀ። ጓደኞቼ «ጥይትህ ርካሽ ስለሆነ ነው» አሉኝ። እነሱ የሚገዙት ከእኔው ሦስት እጥፍ ይወደዳል። በመጪው ወቅት ልጄም በትንሿ ጠመንጃ፣ በ243 ዊንቸስተር አብሮኝ ማደን ይጀምራል፤ ሥጋውን የምንበላው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ነው። ውዱን ልግዛ? ዋጋውን ያህል ጥቅም አለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የተከሰሰውን ጥይት ነጻ ላውጣው። ልቡ ወይም ሳንባው የተበሳ እንስሳ የሚሞተው ደሙ ፈስሶ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ኦክስጅን ሲቋረጥ ነው። አንጎል ውስጥ የቀረችው ኦክስጅን ግን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ታቆየዋለች። ነጭ ጭራ የሚባለው አጋዘን ሲደነብር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰከንድ 13 ሜትር መሆኑ ነው። ያንን 60 ሜትር የጨረሰው አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። እንዲያውም ቶሎ ወድቋል። እንስሳን ባለበት ቦታ የሚጥለው አንጎሉን ወይም አከርካሪውን የነካ፣ አልያም ሁለቱንም ትከሻ የሰበረ ምት ነው። ይኼ ደግሞ አረሩ የት ገባ የሚል ጥያቄ ነው፤ በስንት ተገዛ የሚለው ከዚህ ውስጥ አይገባም። ጓደኞችዎ በውዱ ጥይት ሳንባ ቢመቱም የእነሱም አጋዘን ይሮጣል። አንዳንዴም ይብሳል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንዳንደናገር ሁለት ቃል ላስቀምጥ። ጥይት ስል ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ነው፤ አረር ስል ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን ብቻ። ከሳጥኑ ዋጋ ውስጥ ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው አረሩ ነው። አጋዘን ስልም ቅርንጫፋም ቀንድ ያለውን የእንስሳት ወገን ማለቴ ነው፤ በቋንቋችን ቃሉ ቀንደ ጥምዝምዙንም ስለሚጠራ ነው ይህን የምለው።

ተራው አረር የተሠራው በሚገርም ቀላል ዘዴ ነው፤ ውስጡ እርሳስ፣ ላዩ ስስ የመዳብ ልባስ። ጫፉ ላይ እርሳሱ ተገልጦ ይታያል። ሥጋ ሲያገኝ ጫፉ ወደ ኋላ ይገለበጥና እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፤ ስፋቱ ከመነሻው እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እየሰፋ ሲሄድ ይቆራረሳል፣ ክብደቱን ይጥላል። ከእንስሳው ውስጥ ሲወጣ ከመነሻ ክብደቱ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለው ቀርቶ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ሬሚንግተን የተባለው አምራች ኮር-ሎክት የሚለውን በእ.ኤ.አ. 1939 ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ዓይነቱ አረር የጣለው አጋዘን ተቆጥሮ አያልቅም።

ታዲያ ውዱ ለምን ተፈጠረ? ጆን ኖስለር የሚባል አዳኝ በ1946 ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ ሊያድን ሄደ። ሙስ ከአጋዘን ወገን ግዙፉ ነው፤ ወንዱ ከ500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የያዘው ጠመንጃ በዘመኑ ፈጣን የነበረው 300 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነበር። አረሮቹ ላይ ላዩን ፈንድተው ተበታተኑ፤ ወደ ውስጥ ዘልቀው ወሳኙን ቦታ አላገኙም። ኖስለር ወደ ቤቱ ተመልሶ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ እርሳስ ይሰፋል፣ ይበተናልም፤ የኋላው ግን በግድግዳው ታግዶ ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፓርቲሽን ብሎ በ1948 ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬም ይሸጣል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። ችግሩን ያመጡት የእንስሳው ግዙፍነትና የአረሩ ፍጥነት ነበሩ። እርስዎ ደግሞ ከሁለቱም የሉበትም። ያደገ ወንድ ነጭ ጭራ በአብዛኛው ከ60 እስከ 130 ኪሎ ቢመዝን ነው። የአውሮፓው ትንሹ ሮ አጋዘን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ብቻ ነው። ደረቱን በጎን ሲያገኙት አረሩ ከአንዱ ቆዳ እስከ ሌላው የሚያቋርጠው የክንድ ርዝመት እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም አብዛኛው አየር የሞላው ሳንባ ነው።

ከፓርቲሽን በኋላ ሌሎችም መጡ። እርሳሱና ልባሱ እንዳይላቀቁ ተጣብቀው የሚሠሩ አሉ፤ እነዚህ ከክብደታቸው አብዛኛውን ይዘው ይዘልቃሉ። እርሳስ የሚባል የሌለባቸው፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠሩም አሉ፤ ባርንዝ የተባለው አምራች ኤክስ የሚለውን በ1989 ካወጣ ጀምሮ እየተስፋፉ መጥተዋል። የመዳቡ አረር ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ሥጋ ሲሞላበት በአራት ወይም በስድስት ቅጠል እንደ አበባ ይፈነዳል። ቅጠሎቹ ካልተሰበሩ ከክብደቱ የሚጥለው የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ውድ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ባለቀለም የፕላስቲክ ጫፍ ያለው አረር አየር ለመሰንጠቅ የተሻለ ነው፤ ጫፉ ግን ስለ ውስጡ የሚነግርዎት ነገር የለም። ከሥሩ ስስ ልባስና ለስላሳ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ በቅርብ ርቀት ከተራው ይልቅ ቶሎ የሚበተኑም አሉ። ለኢላማ ውድድር የተሠሩ አረሮች ደግሞ በውድ ዋጋ የሚሸጡት ስለ ትክክለኛነታቸው ነው፤ ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ አስቦ የሠራቸው የለም። በኒኬል የተለበጠ የሚያብረቀርቅ ቀለህ ዝገት ይከላከላል፣ ያምራልም። አጋዘኑ ግን ቀለሁን አያየውም። ሳጥኑ ላይ ሊያነቡት የሚገባው የአረሩን ዓይነትና ክብደት ነው፤ የቀረው ሥዕል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ይኸውም አረሩ እንስሳውን በሚነካበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት ነው። እኔን አንድ ሰው «ውድ ጥይት ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው «ሲደርስ ስንት ይሮጣል?» ብዬ ነው። አረሩን የሚያሰፋው የሥጋው ግፊት ነው፤ ግፊቱም የሚያድገው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ600 ወደ 900 ሜትር ሲጨምር አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ እንላለን፤ ግፊቱ ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ አረር የሚመቸው የፍጥነት ወሰን አለው። ከላይኛው ድንበር ካለፈ ይበተናል፤ ከታችኛው ከወረደ ሳይሰፋ እንደ ወስፌ በስቶ ይሄዳል።

የእርስዎ 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም፣ ከ308 አፈሙዝ በሰከንድ 860 ሜትር ገደማ ይወጣል። 100 ሜትር ላይ 770 አካባቢ ይሆናል፤ 200 ላይ 670፣ 300 ላይ ወደ 590 ይወርዳል። ይህ ተራው አረር ሲፈጠር የታሰበለት ፍጥነት ነው። እርስዎ በሚተኩሱበት ርቀት ከሁለቱ ድንበሮች ለአንዱም አይጠጉም። ውዱን ቢገዙ የሚከፍሉት ላልደረሰብዎት ችግር ነው።

ችግሩ የደረሰባቸውንም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አብሬው የሄድኩት አዳኝ 300 ዊንቸስተር ማግነም ይዞ ነበር፤ በውስጡ ተራ 150 ግሬን። ይህ ጥምረት በሰከንድ 1,000 ሜትር ያህል ይተኩሳል። አጋዘኑ በ40 ሜትር ድንገት ብቅ አለ፤ ትከሻው ላይ መታው። ጩኸቱ አስፈሪ ነበር፤ ቁስሉ ደግሞ ሳህን ያህል ሰፊ፣ ግን ጥልቀት የሌለው። አረሩ የትከሻው አጥንት ላይ ዱቄት ሆኖ ነበር። እንስሳው ተነሥቶ በሦስት እግሩ ሄደ፤ ሁለተኛ እስክንተኩስበት ድረስ ያለው ግማሽ ሰዓት የሚወራ አይደለም። ሰውዬው ጠመንጃው «ኃይል አነሰው» ብሎ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ኃይሉ በዝቶ አረሩ አልቻለውም። እንዲህ ላለ ሰው የተጣበቀው ወይም የመዳቡ አረር ዋጋውን በአንድ ተኩስ ይመልሳል። ካልሆነም ያንኑ ተራ አረር ከባዱን፣ 180 ግሬኑን ቢወስድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ይቀልለታል፤ ይህ ደግሞ ብዙ አያስከፍልም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ 30-30ን የመሰለ የቆየ ጠመንጃ አለ። 150 ግሬኑ ከአፈሙዙ በ730 ይወጣና 100 ሜትር ላይ ሳይደርስ ወደ 600 ይወርዳል። ብዙዎቹ የመዳብ አረሮች በደንብ ለመፈንዳት በሰከንድ ቢያንስ ከ550 እስከ 600 ሜትር ይፈልጋሉ። ለፈጣን ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ አረር በዝግታ ሲደርስ ሳይፈነዳ ያልፋል፤ ጠባብ ቀዳዳ፣ ትንሽ ደም፣ ረጅም ሩጫ። ቀደም ብዬ «አንዳንዴም ይብሳል» ያልኩት ይህን ነው። በመደበኛ ፍጥነትም ቢሆን በጎድን አጥንቶች መካከል ሾልኮ ሳንባውን ብቻ የነካ መዳብ፣ ከሚበታተነው እርሳስ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። መዳብ የሚተኩሱ ልምድ ያላቸው አዳኞች ኢላማቸውን ትንሽ ወደ ፊት፣ ወደ ትከሻው የሚያስጠጉት ለዚህ ነው። አጥንት ሲያገኝ ይፈነዳል፤ ጥንካሬ ስላለውም አጥንቱን አልፎ ይሄዳል።

ስለ ማዕዘንም ይጠየቃል። እንስሳው በጎን ሳይሆን በሰያፍ፣ ጀርባውን ወደ እርስዎ አዘንብሎ ቆሞ ከሆነ አረሩ የሚያቋርጠው ሥጋ ይረዝማል፤ ሆድ ዕቃውን አልፎ ነው ደረት የሚደርሰው። ሻጮች ውዱን አረር የሚያሞግሱት በዚህ ነው፤ እውነትም አላቸው። ይሁንና እንዲህ ያለውን ምት ለመሞከር ድፍረት የሚሰጥ ጥይት ለጀማሪ ጥሩ ጓደኛ አይመስለኝም። እስኪዞር መጠበቅ ይቻላል፤ ካልዞረም ማሳለፍ።

እንግዲህ ለእርስዎ 308 ከግድያ አንጻር መልሴ «አያስፈልግዎትም» ነው። የልጅዎ 243 ግን ሌላ ነው።

የ243 ተራ የአጋዘን አረር 100 ግሬን፣ 6.5 ግራም ነው፤ ከአፈሙዝ በሰከንድ በ900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከእርስዎ አረር ይፈጥናል፣ በአንድ ሦስተኛ ደግሞ ይቀልላል። ፈጥኖ ደርሶ ግማሹን ከጣለ ወደ ውስጥ የሚገፋው ሦስት ግራም ብቻ ይቀራል። በጎን ቆሞ ጎድን መካከል ከመቱት ምንም አይደለም፤ ይወድቃል። ልጅ ግን በመጀመሪያው አጋዘን ፊት ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው ቃታ የሚስበው። አረሩ ወደ ትከሻ አጥንት አንድ መዳፍ ቢያመልጥ ይህ ትንሽ አረር ይቅርታ የለውም። ውድ አረር የስህተት ኅዳግ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። 80 ወይም 85 ግሬን የሚመዝን የመዳብ አረር ክብደቱ ቢቀንስም ሁሉንም ይዞ ስለሚሄድ ከከባዱ እርሳስ ይልቅ ይዘልቃል። እኔ ብሆን ለልጁ ውዱን፣ ለራሴ ተራውን ገዝቼ እወጣ ነበር። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አዋቂው ትልቁን ጠመንጃ በውድ ጥይት ይሞላል፣ ልጁ ትንሿን በርካሽ።

ሥጋውን ቤተሰቡ እንደሚበላው ባይጽፉልኝ ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። የሚቆራረሰው እርሳስ የትም አይጠፋም። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በጠመንጃ የተገደሉ 30 ነጭ ጭራ አጋዘኖችን በኤክስሬይ አነሳ፤ በሁሉም ውስጥ የብረት ስብርባሪ ታየ፤ በአንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠር። ከዚያ ሥጋቸው እንደወትሮው ተበልቶ፣ ተፈጭቶ ታሸገ። ከ30ዎቹ የ24ቱ ሥጋ ቢያንስ በአንድ እሽግ ውስጥ ስብርባሪ ይዞ ተገኘ። ሥጋውን የበሉ አሳማዎችም በደማቸው ያለው እርሳስ ከፍ አለ። ስብርባሪው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ጥርስም አያገኘው፣ ዓይንም አያየው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም በማደግ ላይ ያለ አንጎል ያላቸው ልጆችና ፅንሶች ናቸው።

ይህን የምነግርዎት ላስደነግጥዎት አይደለም። በእርሳስ ተገድሎ የተበላ አጋዘን ስንት ዘመን ኖሯል፤ የሚበላም ሰው መርዝ ጠጥቷል አልልም። ግን ልጆች በየሳምንቱ የሚመገቡት ከሆነ እኔ አልናቀውም። እርሳስ መጠቀሙን ከቀጠሉ ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳይሰስቱ ቆርጠው ይጣሉ፤ ደም የቋጠረውን ሁሉ። ከቁስሉ አጠገብ ያለውን በተለይ ወደ መፍጫው አያስገቡ፤ ማሽኑ አንዱን ስብርባሪ ለሁሉም ያካፍላል። ከዚህ ሁሉ መገላገል ካሻዎት ደግሞ ለሁለቱም ጠመንጃ መዳብ ይግዙ። ያኔ ገንዘቡን የሚያወጡት አጋዘኑ ይበልጥ እንዲሞት ሳይሆን ገበታዎ ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ ይህ ምክንያት ብቻውን ይበቃል።

የሚያድኑበት አገር ሕግም ቀድሞ ወስኖልዎት ሊሆን ስለሚችል ያጣሩ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአደን ላይ እርሳስ ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። መነሻውም የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ጥንብ አንሣ ነበር፤ በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር። አዳኝ ትቶት የሄደውን ሆድ ዕቃ እየበሉ በእርሳስ ይመረዛሉ። ዴንማርክም ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የጠመንጃ አደን ጥይትን ከእርሳስ አጽድታለች።

ገንዘቡን በሒሳብ እንየው። ሳጥኑ በአብዛኛው 20 ጥይት ይይዛል። በአንድ ወቅት እንስሳ ላይ የሚተኩሱት ስንት ነው? ሁለት? አራት? ውዱ ሦስት እጥፍ ቢሆንም ልዩነቱ ለአራት ጥይት ሲሰላ ለአደኑ ከሚያወጡት የነዳጅ ወጪ እንኳ የሚስተካከል አይመስለኝም። አደኑ ላይ የሚያከስረው ውዱ ጥይት አይደለም። የሚያከስረው ውድ ነው ብለው ልምምድ ሲቀንሱ ነው። ሳጥኑን ገዝተው፣ ሦስት ተኩሰው «ይበቃል፣ ይወደዳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ይልቅ በርካሹ መቶ ጊዜ ተኩሶ፣ ተንበርክኮም ቆሞም የተለማመደው ይሻላል፤ በምንም ቢተኩስ።

ስለዚህ ልምምዱን በተራው ያድርጉ፤ የማነጣጠሪያውን ማስተካከያ ግን በሚያድኑበት ጥይት። ክብደታቸው አንድ ቢሆን እንኳ ሁለት ዓይነት አረር አንድ ቦታ አይመታም። በ100 ሜትር የጣት ስፋት፣ አንዳንዴም የመዳፍ ያህል ይለያያል። ወደ መዳብ ሲቀይሩ መጀመሪያ የጠመንጃውን ቱቦ በደንብ ይወልውሉ፤ ከዚያ ሁለት ሦስቱን ለማሟሸት ይተኩሱ፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩን የሚያስተካክሉት ከዚያ በኋላ ነው። ክብደቱንም ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። የመዳብ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.96 ግራም ሲሆን የእርሳስ 11.34 ነው፤ ስለዚህ እኩል የሚመዝነው የመዳብ አረር ይረዝማል። የረዘመ አረር ሳይዋልል እንዲበር ቱቦው ፈጠን አድርጎ ሊያዞረው ይገባል፤ የእርስዎ ጠመንጃ ደግሞ ላያደርገው ይችላል። ለ308 ጠመንጃዎ 130 ግሬን የሆነ መዳብ ይህን ችግር አያመጣብዎትም፤ በፍጥነቱም ስለሚወጣ ለመፈንዳት አይቸገርም።

ለልጅዎ ጠመንጃ ሁለት ዓይነት የመዳብ ጥይት አንዳንድ ሳጥን ገዝተው ሁለቱንም ይሞክሩ፤ ጠመንጃ አንዱን ወዶ ሌላውን ይጠላል፣ ምክንያቱንም አይናገርም። በ100 ሜትር ሦስቱን ተቀራርቦ ያሳረፈውን ይያዙ። ልጁ የመጀመሪያ ግዳዩን ሲጥል ቆዳውን እየገፈፉ በወዲያኛው ወገን ከቆዳው ሥር ይዳስሱ። አረሩ እዚያ ቆሞ ካገኙት አጥበው ይመዝኑት፤ ከ80 ግሬኑ 75ና ከዚያ በላይ ካለ የከፈሉለትን ሠርቷል። ካላገኙት ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ እሱንም መጥፎ ዜና አይበሉት፤ መውጫ ቀዳዳ ያለው አጋዘን ቢሮጥ እንኳ የደሙን ዱካ ለመከተል ይቀልላል።